የስቅለት ዕለት ካርታ

ቀዳም ሹር ጠዋት ሻዬን ገና አንዴ ፉት ሳልል ስልኬ ጮኸ።

"ቤርቱ፣ ሰፈርህ ሌባ ተገኝቶበታል። ተነሥና ና።"

ኢንስፔክተር ሚከሊና ግሬክ ናት። ደህና አደርክ የለ፣ እንዴት ነህ የለ። በዕድሜ ልጄ ብትሆን አይገርምም፤ በማዕረግ ግን አለቃዬ ናት። አንቺ ስላት አትቆጣም፣ እኔም አንተ ስትለኝ አይከፋኝም። ችግሯ አንድ ነው፤ የጎዞ ደሴት ልጅ ናት። ጎዞዎች ደግሞ እዚህ ማልታ ላይ ያለነውን ሁሉ ከእናታችን ሆድ ጀምሮ እንቅልፋም አድርገው ነው የሚያዩን።

"የኔ ሰፈር ሌባ የለበትም" አልኳት። "ኢስላ ውስጥ ቁልፍ በር ላይ ተሰክቶ ነው የሚያድረው።"

"እሱን እናያለን" አለችና ዘጋችብኝ።

የተገናኘነው ስሊማ፣ ባሕሩን የሚያይ አንድ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ነው። ቃውሳላ የሚባለው የኢንተርኔት ፖከር ቤት እዚያ ነው ያለው። ካርታም የለ፣ ጠረጴዛም የለ፣ ኮምፒዩተር ብቻ። ተጫዋቾቹ በየአገራቸው ቤታቸው ተቀምጠው አንድ ጠረጴዛ እንደከበቡ ሆነው ይጫወታሉ። ሥራ አስኪያጁ ኤስኪል የሚባል ረጅም ስዊድናዊ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል።

"ትላንት አንድ ተጫዋች የሌሎቹን ካርታ እያየ ተጫውቷል" አለን።

"እንዴት ይታያል?" አለች ሚከሊና።

"ጨዋታ ካለቀ በኋላ ማን ምን ይዞ እንደነበር የምናይበት መስኮት አለን። አጭበርባሪ የምንይዘው በሱ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲሰጠን አጥብቆ ያሰረን በዚህ ነው፤ ጨዋታው ሳያልቅ መስኮቱ አይከፈትም። ትላንት አንድ ሰው ይህን ገደብ አንሥቶ፣ ጨዋታው እየተካሄደ በስልክ ከፍቶታል።"

"በማን የይለፍ ቃል?"

"በኔ።"

"ስልኩ የት ሆኖ?"

"ኢስላና ማዶው ቢርጉ አካባቢ። እዚያ ሰፈር የስቅለቱ ዑደት በሚያልፍበት ሰዓት።" ወረቀት አገላበጠ። "የተጫወተው አካውንት ይታወቃል። የቆየ፣ ንጹሕ አካውንት ነው፤ ከገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ኮምፒዩተሩ ስለተጫወተ ማስጠንቀቂያው አልጮኸም። ስሙ ናርዱ ቡሱቲል ነው።"

"ጋሽ ናርዱ? አበድክ እንዴ አንተ ሰውዬ!" ብዬ ጮህኩ።

ሚከሊና ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

ኤስኪል ቀጠለ። አካውንቱ ያሸነፈውን ሁሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለሌላ ተጫዋች ሆን ብሎ ተሸንፎለታል። ያ ሌላው የተመዘገበው በውሸት ፓስፖርት ነው፤ የባንኩ መልስ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ፣ ማክሰኞ ነው የሚመጣው። ተቆጣጣሪው ጠረጴዛዎቹን በሙሉ አዘግቷል። እጁ ያለበት የቤት ሰው ከሆነና ኤስኪል ካላወቀው፣ ፈቃዱ አበቃለት።

"የሽማግሌው ስም ደግሞ" አለ አንገቱን ደፍቶ፣ "ከሌሊት ጀምሮ ተጫዋቾች በሚያወሩበት ገጽ ላይ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው አናውቅም።"

እዚያ ገጽ ላይ ከወጣ ኢስላ ገብቷል ማለት ነው። ኢስላ ከገባ ደግሞ ዳቦ ቤት ደርሷል።

ጋሽ ናርዱን የማያውቅ የኢስላ ሰው የለም። በመርከብ ጥገናው ግቢ ዕድሜ ልካቸውን በያጅ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ማታ ማታ በሳንቲም ፖከር ይጫወታሉ፤ ለገንዘቡ አይደለም፣ ለወሬው ነው። ቤታቸው ስንደርስ ቁልፉ እንዳልኩት በሩ ላይ ተሰክቷል። ሚከሊና ቁልፉን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ማድ ቤታቸው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ኮምፒዩተሩ፣ ከእግራቸው ሥር ጨውና ኮምጣጤ የሚሸት ውሃ ያለበት ሳፋ። ስንገባ እግራቸውን ቶሎ አውጥተው ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጠለቁ። ያን በመሰለ ሙቀት!

"የበዓሉ ማኅበር ሊቀ መንበር አሁን ነው የወጣው" አሉኝ፣ እሷን ሳያዩ። "ነገ ቤትህ ዋል አለኝ፣ ቤርቱ። ቤትህ ዋል።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለኢስላ ሰው አይነገረውም። ትንሣኤ ጠዋት የተነሣውን ጌታ ሐውልት ስምንት ጎልማሶች ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳገቱን በሩጫ ይወጡታል። የሚያነሡት ደግሞ ጋሽ ናርዱ "አንሡ!" ብለው ሲጮኹ ነው። ድሮ ራሳቸው ተሸካሚ ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው የቀረቻቸው ያቺ አንዲት ቃል ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ለሷ ነው ብል አልዋሸሁም።

"ሰዉ ምን ይላል?" አልኳቸው።

"ማጭበርበሩንማ ማንም አላነሣውም። በስቅለት፣ ጌታ በደጁ ሲያልፍ፣ ቁጭ ብሎ ካርታ ተጫወተ ነው የሚሉኝ።"

ሚከሊና ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ዑደቱ ሲያልፍ የት ነበሩ?"

"ቤት አልነበርኩም።"

"ሁልጊዜ ጥግ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ነው የሚቆሙት አሉ። ትላንት ግን ማንም አላየዎትም።"

"አዎ፣ አላዩኝም።"

"ታዲያ የት ነበሩ?"

ሽማግሌው እጃቸውን አጣመሩ። "የማልኩት ነገር አለ ልጄ። በሚስቴ መቃብር ነው የማልኩት። አልናገርም።"

"ኮምፒዩተርዎን ሌላ ሰው ይነካዋል?"

"ማን ይነካዋል? እኔም አላጠፋውም፤ ካጠፋሁት የይለፍ ቃሉ ይጠፋብኛል።"

"እግርዎን ምን ሆነው ነው?"

"ቁርጥማት" አሉ ቶሎ ብለው።

ልንወጣ ስንል ማክሰኞ ባንኩ ሲከፈት ነገሩ ይጣራል ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "ማክሰኞ ምን ያደርግልኛል፣ ቤርቱ? የሚነሣው ነገ ነው።"

መኪናው ውስጥ ገብተን ሚከሊና ጀርመን አገር ደወለች። ስለ ስቅለቱ ጨዋታ ለቃውሳላ አቤት ያለችው ተጫዋች ሃይድሩን ትባላለች፤ ሊውቤክ የምትኖር፣ የባቡር ትኬት ስትሸጥ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴትዮ ናት።

"ናርዱ ቡሱቲልን የከሰሱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ? ናርዱን?" ስልኩ ሊሰነጠቅ ደረሰ። "እኔ የከሰስኩት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ነው! ናርዱ ጥሩ ካርታ ይዞ እንኳ ያስባል። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ገና እያሰበ ነው። የትላንቱ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ነው የሚጫወተው። ሲነሣ ደግሞ ደህና እደሪ አላለኝም። ናርዱ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ደህና እደሪ ሳይል አይነሣም።"

"ታዲያ ለምን አቤት አሉ?"

"ለሱ ብዬ ነዋ! አንድ ሰው ቤቱ ገብቷል ብዬ። እነሱ ደግሞ የሱን ስም አደባባይ አወጡት።"

"የጠፋብዎትስ?"

"እሱን ይመልሱልኛል። ፈቃድ ያለው ቤት ስለሆነ ነው እኮ እዚያ የምጫወተው፤ የተጫዋች ገንዘብ ከነሱ ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም። ጓደኛዬን ግን ማን ነው የሚመልስልኝ? ስልኩን አያነሣም።" አለቀሰች መሰለኝ፤ ሚከሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታናግራት ቆየች።

ስትጨርስ "ይህቺ ሴትዮ መርማሪ መሆን ነበረባት" አለችኝ።

"ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ፍርድ ቤት ግን ደህና እደሪ አላለኝም የሚባል ማስረጃ አይቀበልም።"

"አንተ ዛሬ ምን ሆነሃል? ጾሙ ነው?"

አዎ፣ ጾሙ ነበር። ንዴቱም ነበር።

ቀጥሎ የያዝነው ኤስኪልን ነው፤ ለምን እንደማንይዘው ንገሩኝ? የይለፍ ቃሉ የሱ፣ ቤቱ ቢርጉ፣ ስልኩ የተከፈተው ቢርጉ አካባቢ። ትላንት ከሰዓት ቢሮ ነበርኩ ብሎን ነበር። የሕንፃው ጥበቃ ደግሞ በስቅለት በሩ ጨርሶ አልተከፈተም አለን። ተመልሰን ስንጠይቀው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ቤቴ ጣሪያ ላይ ነበርኩ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"ምን ስታደርግ?"

ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። በቃ፣ ያዝነው አልኩ በልቤ። ይዘነው ቢርጉ ሄደን የቤት አከራዩን እትዬ ዶሎሪስን ጠራናቸው። ሴትዮዋ ጥያቄውን እስክንጨርስ አልጠበቁም።

"አሳማ!" አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። "በስቅለት ቀን፣ ጣሪያዬ ላይ፣ የአሳማ ቋሊማ ሲጠብስ ዋለ! ሽታው የጌታን እናት ሐውልት ተከትሎ እስከ አደባባይ ሄደ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ስሰድበው ነው ዑደቱ ያመለጠኝ። እስሩት! ምን ትጠብቃላችሁ?"

"ማዶ ኢስላ አልሄደም?"

"የት ይሄዳል? ከፊቴ ዞር አላለም። ይቅርታ እያለኝ እንኳ አንዱን ጎረሰ እኮ!"

ሚከሊና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔም ከንዴቴ ጋር ሳቄ መጣ። ኤስኪል ግን አልሳቀም፤ "ይህን ለፖሊስ ከመናገር መታሰር ይሻላል ብዬ ነበር" አለ፣ እትዬ ዶሎሪስን በጎን እያየ።

"የይለፍ ቃልህን ሌላ ማን ያውቀዋል?" አለችው ሚከሊና።

"ማንም። የጸጥታ ክፍሉ ኃላፊ ግን ሲጠፋብን አዲስ ይሰጠናል። ሬደንት ሺክሉና። የናንተው ሰው ነው፣ የኢስላ ልጅ።"

ሬደንትን አሳምሬ አውቀዋለሁ። አባቱ ቶኒ ከጋሽ ናርዱ ጋር ጎን ለጎን ሲበይዱ የኖሩ ናቸው። ቶኒ ሲሞቱ በሐውልቱ ሥር የፊተኛው ቀኝ ቦታ ለልጃቸው ተላለፈ፤ ኢስላ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ውርስ የለም።

ስንደርስ ዳገቱ ላይ ባንዲራ ይሰቅላል፤ መሰላል ጫፍ ላይ ነበር። ሲያየን ግማሹን መንገድ ወርዶ ቀሪውን ዘለለው።

"ጋሽ ቤርቱ! ስለ ጋሽ ናርዱ ነው አይደል? ሰማሁ። እንዴት ያሳዝናል!"

"ትላንት የት ነበርክ?" አለች ሚከሊና፣ አላለሳለሰችውም።

"ዑደቱ ላይ፣ እግሬ ላይ የታሰረ ሰንሰለት ስጎትት ነዋ። ለእናቴ ጤና የተሳልኩት ስእለት ነበረብኝ።"

እናቱ እትዬ ቼታ ከበሩ ደጃፍ ሰምተው መጡ። ሰማያዊ ሽርጣቸውን አልፈቱም፤ እጃቸው በአልሞንድ ሊጥ ተለውሷል፤ ለበዓሉ ፊጎሊ የሚባለውን ብስኩት እየጋገሩ ነበር።

"ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ሄጄያለሁ" አሉ። "የአባቱን ሰንሰለት ነው የጎተተው። ከጩኸቱ አውቀዋለሁ፤ አንዱ ቀለበት ነሐስ ነው። በባዶ እግሩ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ! እንደ ሽማግሌ ሲያነክስ እያየሁ አንጀቴ ተላወሰ። እንባዬ መንገዱን አጠበው።"

"ቃል ተነጋገራችሁ?"

"ስእለተኛ ይናገራል እንዴ? አንቺ ልጅ የየት አገር ነሽ?"

"የጎዞ።"

"ኧረ ለዛ ነው" አሉ እትዬ ቼታ። ያለቀለት ማስረጃ ነው። እናት የመሰከረችለት፣ ሰፈር ሁሉ ያየው ሰው ምን ይባላል?

ባዶ እጃችንን መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ሚከሊና ከኪሷ የጾም ኩኪስ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። ወዲያው የሚያናድድ ጥያቄ ጠየቀች።

"እነዚህ ሰንሰለት የሚጎትቱት ስእለተኞች ፊታቸው ይታያል?"

"አይታይም። ነጭ ቆቡ እስከ ደረት ይወርዳል፤ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።"

"ታዲያ ማን ማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?"

"አይታወቅም፤ አይጠየቅምም። ነውር ነው። ቆቡን አንሥቶ ያየ ሰው እዚህ ሰፈር ዳቦ አይሸጥለትም።"

"እናንተ ኢስላዎች" አለች እያኘከች፣ "ለሌባ እንዴት ትመቻላችሁ! በሩ ክፍት፣ ፊቱ ዝግ።"

"አንቺ ልጅ፣ ስእለት ላይ አትቀልጂ!"

"እሺ እሺ፣ አትቆጣ። ሰንሰለቱ እግርን እንዴት ያደርጋል?"

"ቁርጭምጭሚቱን ይልጠዋል። የጎተተ ሰው ሳምንቱን ሙሉ..." ብዬ ቀጥ አልኩ።

ኩኪሱ እጄ ላይ ቀረ። እሷ ግን አላየችኝም፤ ፍርፋሪዋን ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች ነበር።

"ነገ ጠዋት ጥሩ ጫማ አድርግ" አለችኝ። "እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ጋሽ ናርዱ እያሰብኩ ነበር፤ ስለ ሳፋውም።

በትንሣኤ ጠዋት ኢስላ በሙሉ ዳገቱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ሕፃናቱ ፊጎሊያቸውን አቅፈዋል፣ የሙዚቃ ባንዱ እየተቃኘ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ስምንቱ ጎልማሶች ነጭ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። ሬደንት ከፊት፣ በቀኝ። ትከሻው ላይ የተሸካሚ እብጠት አለው፣ እንደ ትንሽ ዳቦ፤ እኛ እንኮራበታለን። እናቱ ስካርፋቸውን አስተካክለው የልጃቸውን ቀሚስ ያበጃሉ። ሊቀ መንበሩ ዱሚንክ በጋሽ ናርዱ ፋንታ ማን ይጩህ ብሎ ይከራከራል።

"ሬደንት" አለች ሚከሊና ለስለስ ብላ። "እግርህ እንዴት ሆነ?"

"ደህና ነው።"

"አርብ ሰንሰለት ጎትተህ ዛሬ ዳገት ልትሮጥ ነው?"

"ለጌታ ብዬ ሁሉንም እችላለሁ።"

"ትላንትም ከመሰላል ስትዘል አይቼሃለሁ። በል፣ ካልሲህን አውልቅልኝ።"

ዱሚንክ "ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይሄ?" ብሎ ተንደረደረ። መንገዱን ዘጋሁበት። "ጋሽ ዱሚንክ፣ ቁጭ በል" አልኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ።

ሬደንት አላወለቀም። ያወለቁለት እናቱ ናቸው። ምናልባት ንጽሕናውን ለማሳየት ቸኩለው ነው፤ ጎንበስ አሉና ካልሲውን ሳቡት። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሕፃን ነው። ጭረት የለ፣ ቅርፊት የለ። ሁለተኛውን ሳቡ። እሱም እንደዚያው።

እትዬ ቼታ እንደተንበረከኩ ቀሩ።

"ታዲያ" አሉ በጣም ቀስ ብለው፣ "እኔ ያለቀስኩለት እግር የማን ነው?"

ባንዱ ውጭ ይጫወታል። ሬደንት ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

"ጋሽ ናርዱን እግሬ ተወለመጠ አልኩት" አለ። "ስእለቱ ካልተፈጸመ በእናቴ ይመጣል አልኩት። ለአባቴ ሲል እሺ አለኝ። ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። ሰው ሁሉ ውጭ ነበር፤ ቁልፉም በር ላይ ነበር። ኮምፒዩተሩ ክፍት ነው፣ ካርታውን ደግሞ በስልኬ አየዋለሁ..."

"ስሙንም ገጹ ላይ ያወጣኸው አንተ ነህ" አለች ሚከሊና።

አንገቱን ነቀነቀ። "ፖሊስ እሱ ጋ ቶሎ እንዲቆም ነው። ተጫዋቾቹ እኮ ምንም አይጎድልባቸውም፣ ቤቱ ይመልስላቸዋል። ጋሽ ናርዱንም በኋላ አወጣው ነበር።"

"በኋላ መቼ? ዛሬ ካለፈ በኋላ?" አልኩት። ልመታው ነበር፤ እግዜር ያውቃል ልመታው ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለችው ሚከሊና። "ሰንሰለቱ እግሬን ጎድቶኛል ብለህ ዛሬ ብትቀር ማንም አይጠረጥርህም ነበር። ለምን መጣህ?"

ሬደንት ሐውልቱ የሚነሣበትን ዱላ አየ፣ የፊተኛውን ቀኝ። "የአባቴ ቦታ ነዋ" አለ። "እንዴት እቀራለሁ?"

ከጠላሁትም በላይ አዘንኩለት። እኔም ብሆን አልቀርም ነበር።

ሁለት ባልደረቦቻችን በጓሮ በር ወሰዱት። ሚከሊና ወደ ዱሚንክ ዞረች። "ናርዱ ቡሱቲል በስቅለት ቤታቸው አልነበሩም፤ ካርታም አልተጫወቱም። የት እንደነበሩ ፖሊስ ያውቃል፣ እናንተ መጠየቅ አትችሉም። ገባህ?"

"ገባኝ" አለ ዱሚንክ፤ ላብ አጥምቆታል። "አሁኑኑ አስጠራቸዋለሁ።"

"እኔ ነኝ የምጠራቸው" አሉ እትዬ ቼታ። ከወለሉ ተነሥተው መጀመሪያ ወደ ቤታቸው ሮጡ፣ ከዚያ ወደ ጋሽ ናርዱ ደጅ። ተከተልናቸው።

ሽማግሌው በጨለማ ማድ ቤታቸው ባንዱን እያዳመጡ ነበር። ሲያዩን ሊነሡ ሞከሩ።

"አይናገሩ" አለቻቸው ሚከሊና። "መሐላዎን አያፍርሱ። ምንም አልጠየቅሁም።"

እትዬ ቼታም ምንም አልጠየቁም። ወለሉ ላይ ተቀምጠው የሱፍ ካልሲውን በቀስታ አወለቁ። የቁርጭምጭሚቱ ቆዳ ዙሪያውን ተገሽልጧል፣ እግሩ አብጧል፤ የገዛ ጫማቸው ውስጥ አይገባም። እትዬ ቼታ ከስካርፋቸው ሥር የሟች ባላቸውን ሰፊ ሰንደል አወጡ። አንድ በአንድ አጠለቁላቸው፣ ማሰሪያውንም ላላ አድርገው አሰሩት። እንባቸው ሰንደሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጋሽ ናርዱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አሳረፉ። አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። መጀመሪያ ዝም፣ ከዚያ አንዷ የዳቦ ቤት ሴትዮ አጨበጨበች፣ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ናርዱ በሐውልቱ ፊት ቆመው ዱላዎቹን ቆጠሩና ፊታቸው ተለወጠ።

"የቶኒ ቦታ ባዶ ነው" አሉ።

ሚከሊና አየችኝ። ወደ ኋላ ብመለከት ማንም የለም።

"አንቺ፣ ጉልበቴ እኮ..."

"ጥሩ ጫማ አድርግ አላልኩህም?" ብላ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ ወሰደች። የጎዞ ልጅ! ከትላንት ጀምሮ አስባዋለች።

ከዱላው ሥር ገባሁ። ጋሽ ናርዱ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደወሉ። "ሃይድሩን፣ አትዝጊው፣ ስሚ" አሉና ስልኩን ለሚከሊና ሰጧት። ከዚያ ደረታቸውን ነፉ።

"አንሡ!"

ያለ ስልክም ሊውቤክ ድረስ ይሰማ ነበር። አነሣን፣ ሮጥን። ሳምባዬ ተቃጠለ፣ ጉልበቴ ሰደበኝ፣ አንድ ጊዜ የሞትኩ መሰለኝ፤ ግን ዳገቱ አናት ላይ ከሌሎቹ ሰባት ጋር ደረስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ባንኩ ሬደንትን አረጋገጠ። ኤስኪል መስኮቱን አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው አደረገ፣ ተጫዋቾቹን በሙሉ ከፈለ፣ በስሙም ፈርሞ ጋሽ ናርዱን ይቅርታ የጠየቀበትን ጽሑፍ እዚያው ገጽ ላይ አወጣ። ተቆጣጣሪው ገሥጾት ጠረጴዛዎቹን መልሶ ከፈተለት። አሁን ማታ ማታ ሃይድሩን ሻይዋን ታፈላለች፣ ጋሽ ናርዱም ያስባሉ። ሬደንት እስር ቤት ነው፤ ጋሽ ናርዱ በየወሩ ከእትዬ ቼታ ጋር ሄደው ይጠይቁታል። የበራቸው ቁልፍ ዛሬም እዚያው እንደተሰካ ነው፤ ስንት ጊዜ ተቆጣኋቸው መሰላችሁ!

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ደፈር ብዬ፣ "ጋሽ ናርዱ፣ ያን ጊዜ ሰንሰለቱን የጎተተው ማን ነበር?" አልኳቸው።

በጣም አሰቡ፤ ካርታ እንደያዙ ያህል።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አሉኝ። "ሰውዬው ቆብ ነበረው።"